ለወላዷም የባከነ ሰዓት ይጨመርላት!

ነገሬን ከጉልበት ልጀምር። አዎ፣ ከጉልበት! የኳስ ሰው ስለሆናችሁ ጉልበት ስል ወዲያው ይገባችኋል። አንድ ተጫዋች ማንም ሳይነካው ዘወር ሲል ጉልበቱን ይዞ ይወድቃል። ሐኪሙ እየሮጠ ይገባል፣ ቃሬዛ ይጠራል፣ ማታ ላይ እኛው ጋዜጠኞች ‹‹የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል፣ ዘጠኝ ወር ከሜዳ ይርቃል›› ብለን እንጽፋለን። ከዚያስ? ደጋፊው ያዝናል። ጓደኞቹ በሚቀጥለው ጨዋታ ስሙ የተጻፈበት ካናቴራ ለብሰው ይገባሉ። ክለቡ ያሳክመዋል፣ ደሞዙም ይቀጥላል (በእኛ ሀገር ደሞዝ በወቅቱ ከተከፈለ ማለቴ ነው)። ዘጠኝ ወሩ ሞልቶ በ80ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ‹‹ይሄ ልጅ አለቀለት፣ ውሉን ቅደዱት›› የሚል ሰው ካለ እኔ እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ ዘጠኝ ወር ላውራችሁ።

መካነ ሰላም አብረን የተማርን አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፣ ክለቧንም አልጠራም፤ እሷም ‹‹ስሜን ጋዜጣ ላይ ካየሁት ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ›› ብላኛለች። መካነ ሰላምን ለማታውቁ፣ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ነው። (ቦረና ስል ወደ ሞያሌ የምትሄዱብኝ አላችሁ። እኔ የምለው የወሎውን ቦረና ነው። አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ይሄን ስንቴ እንዳስረዳሁ!) ከደሴ ተነስታችሁ፣ ጉጉፍቱ ላይ በብርድ ተኮራምታችሁ፣ አቀስታን አልፋችሁ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ትደርሱባታላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ ቀርቶ ውሃ ቀድቶ መመለስ ራሱ ልምምድ ነው። ለሩጫ የሚሆን ሳንባ እዚያ ሀገር አልጠፋም፤ የጠፋው ሌላ ሌላው ነው።

ልጅቷ ሯጭ ናት። ትምህርት ቤት እያለን በ5 ሺህ ሜትር እኔን ሁለት ዙር ደርባኝ ያለፈች ሯጭ። (ወንድና ሴት ለምን አብራችሁ ሮጣችሁ የሚል ካለ፣ ተወዳዳሪ ስለጠፋ ነው!) በባዶ እግሯ ነበር የምትሮጠው ብዬ ሆዳችሁን አላባባም፣ ኮንጎ ጫማ ነበራት። ደሴ ላይ በተደረገ ውድድር አንድ አሰልጣኝ አያትና ክለብ ገባች። ክለብ ማለት ለእኛ ሀገር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ አይገባውም። የወር ደሞዝ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ነው። የእናት ቤት ቆርቆሮ፣ የታናሽ ወንድም ደብተር ነው። ‹‹ልጃችሁን እስካሁን ሳትድሯት?›› ለሚል ጎረቤትም የሚሰጥ መልስ ነው።

በሦስተኛ ዓመቷ አገባች፣ አረገዘች። አራት ወር ሲሆናት ለአሰልጣኟ ነገረችው። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ‹‹እንኳን ደስ ያለሽ›› አላት። ቢሮ ያሉትም እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ቀጥሎ ‹‹በዚህ ሁኔታ ካምፕ መቆየት አትችዪም፣ ቤተሰብ ዘንድ ሂጂና በሰላም ተገላገዪ›› ተባለች። ሻንጣዋን ይዛ መካነ ሰላም እናቷ ቤት ገባች። መቼም የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ሰፈሩም እንደ ወሎ ደንብ አብሮ አማጠ። ክርስቲያኖቹ ‹‹ማርያም ትፍታሽ›› አሉ፣ ሙስሊሞቹ ዱበርቲዎች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉ። ወሎ ላይ ምጥ ሃይማኖት አይለይም። ወንድ ልጅ ተወለደ፣ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ፣ ገንፎው ተገነፋ። ይሄ ሁሉ የሆነው ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ 30 ቀን ውሏ አለቀ። ሐምሌ ላይ ስትደውል ‹‹በጀት ተዘግቷል፣ አዲስ ልጆች ፈርመዋል፣ ስትበረቺ መጥተሽ በሙከራ ትታያለሽ›› አሏት።

ማንም አላባረራትም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ደብዳቤ የጻፈባት የለም፣ የተቆጣት የለም። ሰዓቱ ሞላ፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ በቃ።

እንግዲህ እኛ ኳስ የምናይ ሰዎች የማንስማማበት ነገር ብዙ ነው፤ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ስለ አየሩ ጠባይ እንኳን አይስማማም። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም እንስማማለን። ተጫዋች ሜዳ ላይ ተጎድቶ ጨዋታ ከቆመ፣ የባከነው ሰዓት ይጨመራል። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ የኢራኑ በረኛ ከራሱ ተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ ስለቆየ የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ብቻ 14 ደቂቃ ተጨምሯል። ማን ተቃወመ? ለበረኛ ጭንቅላት 14 ደቂቃ የሚጨምር ስፖርት፣ ልጅ ለወለደች ስፖርተኛ ለምን አንድ ደቂቃ ይነፍጋል? የዛሬው ጽሑፌ ጥያቄ ይቺው ናት።

እንዲህ ስል ‹‹ደራርቱስ?›› የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ‹‹ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ትበረታለች፣ የእኛ ጀግኖች ሁሉ ወልደው አይደል እንዴ ያሸነፉት?›› እሺ፣ ስለ ደራርቱ እናውራ። እኔም ደስ ነው የሚለኝ።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ በ1998 ሴት ልጅ ወለደች። በ2000 መጋቢት ላይ ፖርቱጋል ውስጥ ቪላሞራ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት መስከረም 30 ሲድኒ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወሰደችው። ውድድሩን አብዛኛውን ዙር የጎተተችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች። መጨረሻ ላይ የእኛዎቹ ጥለዋት ሄዱና ደራርቱ ወርቅ፣ ጌጤ ዋሚ ብር ይዘው ፓውላ ባዶ እጇን አራተኛ ሆና ቀረች። እነዚህን ሦስት ስሞች ያዙልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

ጌጤ የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ናት፣ የሰሜን ሸዋ። የብርዱ ነገር ከእኛ ከጉጉፍቱ ጋር የሚፎካከር ሀገር ነው። ከሲድኒ በኋላ እሷም ወለደች። ወደ ማራቶን ተሻገረችና በ2006 እና በ2007 በርሊንን በተከታታይ አሸነፈች። የ2007ቱ በርሊን የተሮጠው መስከረም 30 ነው። ከ35 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 4፣ ኒውዮርክ መነሻ መስመር ላይ ቆመች። ማራቶን ሮጦ በ35 ቀን ሌላ ማራቶን! ምክንያቱ ያኔ አዲስ የተጀመረው የታላላቅ ማራቶኖች ነጥብ ነበር፤ ሽልማቱ 500 ሺህ ዶላር ነው። አጠገቧ የቆመችው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ፓውላ ራድክሊፍ። ፓውላ ሴት ልጇን የወለደችው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ገና አሥር ወር አልሞላትም። ሁለቱ እናቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ጥለው፣ አምስቱንም የኒውዮርክ ክፍሎች ጎን ለጎን ሮጠው ሴንትራል ፓርክ ገቡ። መጨረሻው ላይ ጌጤ አፈተለከች፤ ፓውላ መልሳ ያዘቻትና ጥላት ሄደች። ፓውላ 2:23:09፣ ጌጤ 2:23:32። ሃያ ሦስት ሰከንድ! ጌጤ ሁለተኛ ሆና የነጥቡን አንደኝነትና ግማሽ ሚሊዮን ዶላሩን ይዛ ተመለሰች። ይሄን ውድድር ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፣ ከብዙ የኳስ ፍጻሜ ይበልጣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ እዚያው ኒውዮርክ ደራርቱ መጣች። 37 ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፣ ከወርቋ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፣ ብዙ ሰው ከቁም ነገርም አልቆጠራትም። መንገድ ላይ ፓውላ እግሯን ሲያማት ወደኋላ ስትቀር ደራርቱ ዘወር ብላ በእጇ ጠራቻት፣ ነይ እንሂድ አለቻት። ተቀናቃኟን! ፓውላ አልቻለችም፣ አራተኛ ሆነች። ደራርቱ በ2:28:52 አሸነፈች፤ ኒውዮርክን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴትም ሆነች። ጥሩነሽ ዲባባን ከጨመርንማ፣ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ29:42.56 ሮጣ ነሐስ ስታመጣ ያ ሰዓት ከመውለዷ በፊት ሮጣው ከማታውቀው የራሷ ምርጥ ሰዓት የተሻለ ነበር። መሠረት ደፋር በ2014 ወልዳ በ2016 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ላይ በ3 ሺህ ሜትር ብር ወሰደች። አሰለፈች መርጊያ ወልዳ ተመልሳ በ2015 ዱባይን ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ይሄውላችሁ፦ ደራርቱ በ1998 ስትወልድ ከስድስት ዓመት በፊት ባርሴሎና ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች ሴት ነበረች። ጌጤ ስትወልድ የዓለም ሻምፒዮን፣ የሁለት ኦሎምፒክ ባለ ሜዳሊያ ነበረች። ጥሩነሽ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ቤቷ አስቀምጣ ነው አራስ ቤት የገባችው። ለእነሱ በሩ ሳይዘጋ የቆየው በውል አይደለም፣ በስማቸው ነው። ማናጀር ይጠብቃቸዋል፣ የጫማ ኩባንያ ይጠብቃቸዋል፣ ባል አብሯቸው ልምምድ ይወርዳል፣ ልጁን የሚይዝ ሰው ቤት ውስጥ አለ። ስም ሳያወጡ የወለዱትን ደግሞ እኔም አላውቃቸውም፣ እናንተም አታውቋቸውም። በዚያው ቀርተዋላ! ‹‹ጀግኖቻችን ወልደው አሸንፈዋል›› የምንለው የተመለሱትን ብቻ ቆጥረን ነው።

የጫማ ኩባንያ ካነሳን ዘንድ፣ ስምም ሁልጊዜ አያድንም። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ ይዛ በ2018 ስትወልድ ናይኪ ከቀድሞው ክፍያ 70 በመቶ ቀንሶ ሊያስፈርማት እንደፈለገ በ2019 በአደባባይ ጻፈች። ጩኸቱ በርትቶ ኩባንያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በእርግዝና ምክንያት ለ18 ወር ክፍያ እንደማይቀንስ በውሉ አስገባ። ስድስት ወርቅ ያላት ሴት መጮህ ካስፈለጋት፣ የመካነ ሰላሟ ልጅ የት ሄዳ ትጩህ?

እዚህ ላይ ኳሱ ከአትሌቲክሱ አንድ እርምጃ ይቀድማል፣ ፊፋን ሁልጊዜ ስንሰድበው አንኖርም። ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በፊፋ ደንብ ያረገዘች ተጫዋች ቢያንስ የ14 ሳምንት ፈቃድ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ስምንቱ ሳምንት ከወሊድ በኋላ ነው፤ ክፍያውም ከደሞዟ ሁለት ሦስተኛ አያንስም። በእርግዝና ምክንያት ውል ማፍረስ ክልክል ነው። ክለቡ በምትኳ የዝውውር መስኮት ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ሰው ማስፈረም ይችላል። በ2024 ደግሞ ደንቡ ለአሰልጣኞችና በጉዲፈቻ ልጅ ለሚያሳድጉም እንዲሆን ሰፋ። ይሄ ለአውሮፓ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ እያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን በሀገሩ ደንብ ውስጥ እንዲያስገባው ግዴታ ነው።

ደንቡ ጥርስ እንዳለው የታየው በሣራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር ነው። የአይስላንድ አምበል ነበረች፤ በ2020 ሊዮን የቻምፒየንስ ሊጉን ፍጻሜ ሲያሸንፍ ቮልፍስቡርግ ላይ ሦስተኛዋን ጎል ያገባችው እሷ ነች። በ2021 አረገዘችና ለመውለድ ሀገሯ ገባች። ደሞዟ ሲጎድልባት ዝም አላለችም፣ ፊፋ ዘንድ ከሰሰች፤ በ2022 ግንቦት ሊዮን ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍላት ተወሰነ። ሊዮን እኮ ነው! በሴቶች ኳስ ከሊዮን በላይ ክለብ በማይጠራበት ዘመን።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን የራሳችን ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ይሰጣታል ይላል። ድሮ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ነበር። 120 ቀን ስትካፍሉት ከ17 ሳምንት ይበልጣል። ከፊፋ 14 ሳምንት ይረዝማል፣ ክፍያውም ከፊፋ ሁለት ሦስተኛ ይበልጣል! አዋጁ ነፍሰ ጡርን ማሰናበትንም ይከለክላል፤ ከወለደች እስከ አራት ወርም እንደዚሁ። ወረቀት ላይ ፈረንጁን ቀድመናል።

ታዲያ የእኔዋ ልጅ እንዴት ወደቀች? በውሉ ማለቂያ ቀን ነዋ! የእኛ ሀገር ውል አብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ሕጉ ‹‹አታሰናብት›› ይላል እንጂ ‹‹አድስላት›› አይልም። የፊፋውም ደንብ ውሉ እስካለ ድረስ ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ ብልጥ ሥራ አስኪያጅ ማንንም ማባረር አያስፈልገውም፤ ቁጭ ብሎ ሰኔ 30ን መጠበቅ ብቻ! በአትሌቲክሱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሚኒማ። በዓመቱ የተባለውን ሰዓት ካላመጣሽ ቦታሽን ልቀቂ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሚኒማ ታምጣ?

እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። በእርግዝናና በወሊድ የሄደው ጊዜ ውሉ መጨረሻ ላይ ይጨመር። ዓመት ከሄደ ዓመት፣ አሥር ወር ከሄደ አሥር ወር። ሚኒማውም ለዚያን ጊዜ ይታገድ። ሠርታ ካልተመለሰች፣ ሰዓቷ ካልመጣ፣ ያኔ እንደማንኛውም ስፖርተኛ ትሰናበት፤ እኔ ራሴ ‹‹ደህና ሁኚ›› እላታለሁ። የባከነ ሰዓት ተጨመረ ማለት ጎል ተሰጠ ማለት አይደለም።

ይሄን ሐሳብ አንድ ማኪያቶ ቤት ለጓደኞቼ ባነሳው ቡና ሊደፉብኝ ምንም አልቀራቸው። አንደኛው ‹‹ክለቡ ገንዘብ ከየት ያመጣል?›› አለ። ሦስት ጨዋታ ተሰልፎ ለሚሸኝ የውጭ ተጫዋች ከየት አመጣ? ዘንድሮ አስፈርሞ ዘንድሮ ለሚያባርረው አሰልጣኝ ከየት አመጣ? የአንዲት ሴት አትሌት የወር ደሞዝ ከነዚህ ጋር ሲተያይ የውሃ መግዣ ነው። ሌላው ደግሞ ‹‹ሆን ብለው ያረግዛሉ›› አለኝ። ወዳጄ፣ ለአራት ወር ደሞዝ ብላ ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ፣ ሌሊት ተነስታ እያጠባች፣ ሃያ ዓመት ልጅ የምታሳድግ ሴት ካለች እሷስ ደሞዙ ሲያንሳት ነው! ሦስተኛው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ ‹‹የእኔ እህት በረኛ ነበረች፣ ወልዳ ነው ያቆመችው›› አለ። ከዚያ በኋላ ስለ አርሰናል ማውራት ጀመርን፤ እሱ ግን ብዙም አላወራም።

ስለ ካምፑም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የእኛ ክለቦች ስፖርተኛውን ካምፕ ነው የሚያኖሩት፤ ተሰብስቦ ይበላል፣ ተሰብስቦ ይተኛል። ሕጻን ካምፕ አይገባም። የጤና ባለሙያ ደግሞ ሕጻን ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። እንግዲህ እናትየው ወይ ልጁን ትተዋለች ወይ ክለቡን። ሕጻን ከሩቅ በስልክ አይጠባ! የሚያጠባ ልጅ ያላት ስፖርተኛ ከካምፕ ውጭ ቤት ተከራይታ እንድትመላለስ መፍቀድ፣ ለካምፕ የሚወጣውን ወጪ በእጇ መስጠት፣ ይሄ ምኑ ይከብዳል? በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በአትሌቶች መንደር የሕጻናት ማቆያ ተከፍቶ ነበር፤ ከሐሳቡ ጀርባ ከነበሩት አንዷም ያቺው አሊሰን ፊሊክስ ናት። እኛ የኦሎምፒክ መንደር አልጠየቅንም፣ አንዲት ክፍል ነው።

አባቶችንም ረስቼ አይደለም። በአዋጁ አባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች ዴቪድ ሲልቫን ታስታውሳላችሁ። በ2017 መጨረሻ ላይ ልጁ ያለጊዜው ተወልዶ ሲታመም ጓርዲዮላ ‹‹ሂድ፣ ቤተሰብ ይቀድማል›› ብሎ ለቀቀው፤ እየተመላለሰ እየተጫወተ ሲቲ በ100 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። አባት ነው ተብሎ ቡድኑ አልፈረሰም።

ወደ ሀገሬ ልመልሳችሁ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ተንታ የሚባል ወረዳ አለ፤ እዚያ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። እንዲህ ያለ ማዕከል ለለጋምቦም፣ ለሳይንትም፣ ለቦረናም ልጅ ብዙ ነገር ነው። አሁን አንድ የገበሬ አባት አስቡ። 16 ዓመት የሆናት ልጁ ሯጭ ናት። አሰልጣኝ መጥቶ ስጠኝ ይለዋል። ሕጉ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች ክልክል ነው ቢልም ሽማግሌ ደግሞ በሌላ በር እየላከበት ነው። አባትየው ደንቆሮ አይደለም፣ ያሰላል። ባል ብትይዝ ወልዳም ባሏ ቤት ትኖራለች። ሩጫውስ? ‹‹የእገሌ ልጅ ሄዳ አልነበር? ወለደችና ሻንጣዋን ይዛ መጣች አይደል?›› ይላል። ውሸት ነው ማለት አይቻልም። እኔ ጋዜጠኛው ‹‹ኧረ አባቴ፣ የደራርቱን ታሪክ አልሰሙም?›› ብለው የእገሌን ልጅ በዓይኑ አይቷታል፣ ደራርቱን አላያትም። በወሊዷ የማትባረርበት ውል በማኅተም ተጽፎ ቢያየው ግን፣ እኔ የማውቀው የእኛ ሀገር ሰው ማኅተም ያምናል።

ይሄን ነገር ደግሞ ለማን ማስረዳት እንደማያስፈልገኝ ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም የመራችው ራሷ ደራርቱ ነበረች። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ ፕሬዝዳንት ሆኖ የተመረጠው ስለሺ ስህን ነው፣ የጥሩነሽ ባል። ጥሩነሽ ወልዳ ወደ ልምምድ ስትመለስ፣ ሰውነቷ እንዴት እንደነበር፣ ስንት ወር እንደፈጀባት፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነቃ፣ ከስለሺ የበለጠ የሚያውቅ ወንድ በዚህ ሀገር የለም። ስለሺ ቤቱ ውስጥ ያየውን ወደ ክለቦች መተዳደሪያ ያምጣው ነው የምለው። የኳሱም ሰዎች ቢሆኑ የፊፋው ደንብ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። የሴቶች ሊግ ክለቦች የዘንድሮን ውል ሲያስፈርሙ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ የእኛ ደጋፊም አዲስ የፈረመችውን ተጫዋች ፎቶ ሲያይ ስለ ቁመቷ ከመጠየቁ በፊት ስለዚያች ገጽ ይጠይቅ።

ያቺን ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ልጁ አሥራ አንድ ወሩ ነው፣ መቆም ጀምሯል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቷ ያዝሉላታል፣ እሷ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ትወጣለች። ‹‹ስንት ትሮጫለሽ?›› አልኳት። ‹‹አሥራ አምስት ደርሻለሁ፣ ሰዓት የሚይዝልኝ ግን የለም፣ በስልኬ ነው የምይዘው›› አለችኝ። ሰዓቷን ነገረችኝ። ጥሩ ሰዓት ነው። እዚህ አልጽፈውም፣ እሷ ስለማትፈልግ። ከዚያ ‹‹አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ፣ እስቲ ጠይቅልኝ›› አለችኝ፤ ‹‹ለሙከራ ብሄድ ልጁን ይዤ መግባት ይፈቀድልኛል?››

ጠየቅኩላት። ‹‹እናጣራለን›› ነው ያሉኝ።